ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ስፍራና አስቀድሞት ስለሚሄደው ወሬ

ለአገር ጥቅም የታሰበ ሥራ ሁሉ ሁለት መሠረት ያስፈልገዋል። አንደኛው በመሬት ላይ የሚጣለው ነው፤ ሁለተኛውም በሕዝብ ልብ ውስጥ የሚጣለው መተማመን ነው። ፊተኛውን መሐንዲስ ይሠራዋል፤ ኋለኛውን ግን የሚሠራው ነገሩን በጊዜው ገልጦ የሚናገር ሹም ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በዋና ከተማችን በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያና መረከቢያ ይሠራበታል በሚባል ቦታ ሁሉ ከሥራው አስቀድሞ የሚነሣው ወሬና ግምት ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ባዶ የነበረ ቦታ በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ትራንስፎርመር በከባድ መኪና መጥቶ ይወርዳል። በበሩ የቆመው ዘበኛ ሲጠየቅ አላውቅም ይላል፤ የወረዳው ጸሓፊም ሲጠየቅ ነገሩ ከበላይ ነው ይላል። ሰው ግን መልስ ቢያጣ መጠየቁን አይተውም፤ መልሱን ከራሱ አሳብ ያወጣዋል እንጂ። ስለዚህ አንዱ የመኪና መሙያ ነው ሲል ሁለተኛው የውጭ አገር ኩባንያ መኪና አከማችቶ ለገዢዎች የሚያስረክብበት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው፤ ፍጻሜው የአካባቢውን ቤት ማፍረስ ነው ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ገበያ ይወጣል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም ይደርሳል።

ሥራው ራሱ የሚያስፈልግ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፤ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፤ ተሠርቶ ያለቀለት ሲገባ 15 በመቶ፤ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፈልበት፤ ፈጽሞ ሳይገጣጠም የሚገባው ግን ያለ ቀረጥ እንዲገባ ወስኖ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገለጡ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከወደብ በቦቴ ይመጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። መኪናው ከገባ ዘንድ የሚሞላበት ስፍራ መኖሩ ግድ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን መሙያ ጣቢያ ከፍቷል። እንግዲህ ጥያቄያችን መሙያ ስፍራ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል ሳይሆን፤ ሲሠራ ለጎረቤቱ እንዴት ይነገረው የሚል ነው።

ሕዝቡ ከሚያወራው መካከል ብዙው የወሬ ልብስ ቢለብስም በውስጡ እውነተኛ ጥያቄ አለበት። የመጀመሪያው የመብራት ነገር ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ኃይል ይስባል። መኪናን በቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሞላው መሣሪያ ሰባት ኪሎዋት ያህል፤ ይኸውም የሁለት ምጣድ ኃይል ይወስዳል። ፈጣኑ መሙያ ግን አንዱ ብቻ 120 ኪሎዋት ሊስብ ይችላል፤ ይህም 34 ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ስድስት ቢተከልና ሁሉም ባንድነት ቢሠራ ከ200 ምጣድ ይበልጣል። እንግዲህ በበዓል ዋዜማ መብራት ጠፍቶባት ሊጧን ይዛ የቀረች እናት፤ ይህ ነገር ኃይሉን ይሻማኝ ይሆን ብላ ብትፈራ አላዋቂ ልትባል አይገባም፤ ሂሳቡን በምጣዷ ታውቀዋለችና።

መልሱም ከባድ አይደለም። ትልቅ መሙያ ስፍራ የራሱ ትራንስፎርመር ተተክሎለት ከ15 ኪሎቮልት መስመር በቀጥታ ሲቀጠል፤ ከሰፈሩ ቤቶች ጋር በአንድ ትራንስፎርመር አይሻማም። ነገር ግን ያ የ15 ኪሎቮልት መስመር ራሱ የብዙ ሰፈር የጋራ ነው። ስለዚህ መስመሩ አዲሱን ጭነት ይችል እንደ ሆነ ተለክቷል ወይስ አልተለካም? መኪናውስ በብዛት የሚሞላው ምጣድ በማይጣድበት በሌሊት ነው ወይስ ሁሉ መብራት በሚያበራበት በምሽት? ይህን መሐንዲሱ ያውቀዋል። መሐንዲሱ የሚያውቀውን ሕዝቡ እንዳይሰማ የሚከለክል ምክንያት የለም።

ሁለተኛው የቤት ነገር ነው። ብዙ ሰፈር ሲፈርስና ሲሠራ ባየች ከተማ ውስጥ አጥር ባየ ጊዜ ስለ ቤቱ የማይሠጋ ሰው ጥቂት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዝዛል፤ በአንቀጽ 43ም ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከት የልማት ሥራ ላይ አሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። የሚነሣ ቤት ካለ ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰማ የተገባ ነው፤ ከሌለም የለም መባሉ ለብዙ ቤተሰብ የሌሊት ዕንቅልፍ ነው።

ሦስተኛው የመንገድ ነገር ነው። መረከቢያ ስፍራ ማለት ከወደብ በረዥም ተሳቢ ተጭኖ የመጣ መኪና የሚወርድበት፤ የሚመረመርበትና ባትሪው ተሞልቶ ለገዢው የሚሰጥበት ነው። ጠባብ መንገድ ባለበት ሰፈር ተሳቢው በስንት ሰዓት ይገባል፤ የትስ ይቆማል ብሎ መጠየቅ የጎረቤት መብት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በፍርሃትና በተስፋ መካከል ቆሞ የሚነግደው ደላላ ነው። ለአንዱ፤ ቤትህ ሊፈርስ ነውና ሳይፈርስ ሽጥ ይለዋል፤ ያንኑ ቤት ለሌላው ሲያሻሽጥ ደግሞ፤ ስፍራው ሊለማ ነውና ፈጥነህ ግዛ ይለዋል። አንዲት መበለት ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ቤት በወሬ ምክንያት በርካሽ ብትለቅ፤ ወሬው ሐሰት መሆኑ ኋላ ቢታወቅ ቤቷ አይመለስላትም።

ዝምታ ምስጢርን ይጠብቃል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነው። ምስጢሩን ፋይሉን የያዘው ሰው ያውቀዋል፤ እርሱም ለወዳጁ፤ ወዳጁም ለደላላው ይነግረዋል። ሳያውቅ የሚቀረው በቦታው ላይ የሚኖረው ድኻ ብቻ ነው። እንግዲህ በዝምታ የሚገኘው ትርፍ፤ ለሁሉ በነጻ ሊነገር የሚገባው ነገር ለጥቂቶች የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ነው።

ምናልባት ሹማምንት፤ ውሉ ሳይፈረም ብንናገርና ነገሩ ኋላ ቢቀር ሐሰተኞች እንባላለን ይሉ ይሆናል። ይህ ምክንያት ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ልክ አለው። ካህናት አባቶቻችን የነህምያን ታሪክ ያውቁታል። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊያድስ በመጣ ጊዜ፤ በመጀመሪያ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ሲመረምር አሳቡን ለማንም አልገለጠም ነበር። ምርመራውን በፈጸመ ጊዜ ግን ሥራው ሳይጀመር ነገሩን ለሕዝቡና ለሹማምንቱ ገልጦ ነገራቸው፤ እነርሱም እጃቸውን ለሥራው አበረቱ። ኋላም ሰንባላጥ፤ ይህ ሰው ቅጥሩን የሚሠራው ሊነግሥ ነው የሚል ወሬ በደብዳቤ ቢያስነሣ ሥራው አልቆመም፤ ሠሪዎቹ ምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበርና። ከዚህ የምንማረው ለምርመራ ጊዜ ምስጢር ቢፈቀድም፤ አጥር በታጠረ ጊዜ ግን የምስጢሩ ዘመን ያለፈ መሆኑን ነው።

በአገራችንም አዲስ ጥበብ የተለመደው በመታየትና በመነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተቀምጠውበት ታዩ እንጂ፤ መኪናውን በአጥር ሰውረው ሕዝቡ ስለ እርሱ እንዲገምት አልተዉትም። ዐዋጅም ሲታወጅ ነጋሪት ተጐስሞ፤ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር። ነጋሪቱ ዛሬ ቢቀር የተጐሰመበት ምክንያት ግን አልቀረም።

ስለዚህ የምናሳስበው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። ስፍራው በታጠረበት ቀን በአጥሩ ላይ በጉልህ ፊደል የተጻፈ ሰሌዳ ይሰቀል። በሰሌዳውም ላይ ምን እንደሚሠራ፤ የማን እንደ ሆነ፤ ስንት መኪና ባንድ ጊዜ እንደሚሞላ፤ ስንት ኪሎዋት ከየትኛው መስመር እንደሚወስድ፤ የሚነሣ ቤት መኖሩና አለመኖሩ፤ ሥራው የሚጀመርበትና የሚፈጸምበት ጊዜ፤ ቅሬታ ያለው ሰውም የሚቀርብበት ጽሕፈት ቤት ይጻፍ። ያልተቈረጠ ነገር ካለም ገና አልተቈረጠም ተብሎ ይጻፍ፤ ይህም ራሱ መልስ ነው። ከዚያም የወረዳው ሹምና የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሐንዲስ ሕዝቡን በአንድ ቀን ሰብስበው የሚጠየቁትን ይመልሱ። መሐንዲሱ ሂሳቡን በምጣድ ቢናገር ሁሉም ይረዳዋል።

ካህናትም በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሰው በጨነቀው ጊዜ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልቅ ወደ ንስሓ አባቱ ፈጥኖ ይሄዳልና፤ ካህኑ ወሬውን ሳይጨምርበት፤ ጥያቄውንም ሳይንቅበት፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ሹሙ ቢቀርብ መንጋውን ከደላላ ያድናል። ሹሙም የመጡትን ሰዎች እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ረዳት አድርጎ ይቀበላቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ሕዝቡ የሚፈልገው ነገሩን ከምንጩ መስማት ነው። በነገው ዕለት የሚታጠር ቦታ ያለበት ሹም ሁሉ ቆርቆሮውን ሲያዝዝ ሰሌዳውንም አብሮ ይዘዝ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በሰፈሩ ውስጥ የሚተከለው ትራንስፎርመር ለመኪናው ኃይል ሲሰጥ፤ በሹሙና በሕዝቡ መካከል ያለውንም መተማመን አያቃጥለውም።