ሰው ያለው ይቀጠራል፣ ሰው የሌለው ማስታወቂያ ያነባል



ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፈው ጣታችንን ወደ ሌላ ሰው ቀስረን አይደለም። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ሎግያ ባለው መንገድ ላይ ስለ ሥራ የምንሰማው እሮሮ በዝቷል። ከእሮሮው ግማሹ ደግሞ የሚነሳው ከራሳችን እጅ ነው።

በአፋር ምድር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ወሬውን የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል። ዘመዱ ላልሆነ መንገደኛም ቢሆን ይነግራል እንጂ «ይህ ሣር ለአጎቴ ልጅ ነው» ብሎ አይደብቅም። ዛሬ ከተማ ገብተን ክራቫት ስናስር ዳጉን ገለበጥነው። ክፍት የሥራ መደብ ሲገኝ ወሬው መጀመሪያ በስልክ ለዘመድ ይሄዳል፣ ከዚያ ለዘመድ ዘመድ። ማስታወቂያው ቦርድ ላይ የሚለጠፈው ወንበሩ ከተሞላ በኋላ ነው። ከገዋኔ ወይም ከሚሌ ብድር ተበድሮ፣ ዶክመንቱን በፌስታል ይዞ የመጣ ልጅ ግን ተመዝግቦ፣ ተፈትኖ፣ «እንደውልልሃለን» ተብሎ ይመለሳል።

ይህን ስንል «እናንተ መስጂድ ውስጥ ተቀምጣችሁ ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል፤ ምክንያቱም እኛም ደውለናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ ሸይኻችን መጣ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰላት አያልፈውም። አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ለኃላፊው ደወልን። ኃላፊው የጀማዓችን ሰው ስለሆነ እምቢ ሊለን አልቻለም። ልጁ ተቀጠረ። አባቱ አንድ ሙክት አመጣልን፣ በላን፣ ዱዓ አደረግን። ፈተናውን አንደኛ የወጣችው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ አባቷን በልጅነቷ ያጣች የቲም መሆኗን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። የሙክቱ ሥጋ ያኔ ተመልሶ ጉሮሯችን ላይ ቆመ። ሒሳቡን የማያውቀው ልጅም በዓመቱ ጉድለት ተገኝቶበት ከሥራው ወጣ።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምናደርገው ደግሞ ሃይማኖታዊ ስም ሰጥተነው ነው። አንዱ «ሲለቱ ረሒም ነው» ይላል፤ ሌላው «ሸፋዓ ማድረግ አጅር አለው» ይላል። ዝምድና መቀጠል ማለት ዘመድህን ከኪስህ መርዳት ነው። የመንግሥት ወንበር፣ የድርጅት ወንበር ግን ኪስህ አይደለም፤ አማና ነው። ስለ ሸፋዓም ከሆነ ቁርኣን መልካሙንና መጥፎውን ለይቶ ነግሮናል። የልጁን ችሎታ የምታውቅ ከሆነ «ይህን ይችላል፣ ይህን አይችልም» ብለህ መመስከር መልካም ነው። የማይችለውን ይችላል ማለት ግን የሐሰት ምስክርነት ነው፤ የሚችለውን ሰው አስነስተህ እሱን ማስቀመጥ ደግሞ የሰው ሐቅ መብላት ነው።

የሙሳን ዐለይሂ ሰላም ታሪክ መድረሳ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ከግብፅ ሸሽቶ መድየን ሲደርስ ዘመድ የለው፣ ስንቅ የለው። ለሁለት ሴቶች ከብት ውኃ ቀዳላቸው፤ ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጌታውን ለመነ። ከሴቶቹ አንዷ ለአባቷ «ቅጠረው» ስትል ምክንያቷ ሁለት ነበር፦ ጠንካራ መሆኑና ታማኝ መሆኑ። ጎሳው ምንድን ነው፣ የማን ልጅ ነው አላለችም። አባትየውም ዘመኑን ቆጥሮ ነገረው፤ ስምንት ዓመት፣ ከወደደ አሥር። ያልተቆጠረ ነገር፣ «ኋላ እናያለን» የሚባል ነገር አልነበረም።

«ኋላ እናያለን» ካልን አይቀር፣ ወደ እኛ ነጋዴዎች እንምጣ። አዋሽ ላይ ከጅቡቲ ለሚመጣው የተሳቢ ሾፌር ምግብ የሚያቀርበው ልጅ፣ ጎማ የሚለጥፈው፣ ሱቅ ውስጥ ካርቶን የሚያወርደው ልጅ ስንቱ ውል አለው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ሁኔታውን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። የእኛ ሐጂ ግን ልጁን ዓመት ሙሉ «እየሞከርኩት ነው» ይላሉ። ደመወዙ ሁለት ወር ሲዘገይ «ሶብር አድርግ» ይሉታል። ሶብር ለዕዳ መብያ የተሰጠ ቃል አይደለም።

የበዓሉ ነገር ደግሞ ይብሳል። ወጣቶች ሆይ፣ ዒድ በዚህ አገር የሥራ መዝጊያ ቀን የሆነው በነፃ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሙስሊም ወጥቶ ከጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን ይከበሩ የሚል ነበር። ሌላው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። አብረውን የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ሦስቱ በዓሎች ታወጁ። (በመውሊድ ላይ ያለውን ክርክር እዚህ አንከፍተውም።) ታዲያ አባቶቻችን ከመንግሥት ያስከበሩትን ቀን እኛው ለሠራተኛችን እንከለክለዋለን። በዒድ ጠዋት ቆሎና ቴምር የሚሸጥልን ልጅ ሰላቱን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሕጉ በበዓል ቀን የሠራ ቢያንስ የሰዓት ደመወዙን እጥፍ ይከፈለው ይላል፤ እኛ ምሳ እንሰጠውና ዘጋን እንላለን። ከደጋ መጥታ ሎግያ ሻይ የምታፈላልን ክርስቲያን እህትም ፋሲካዋ የእሷ በዓል ነው። የእኛን እንዲያከብሩልን የጠየቅን ሰዎች የእሷን «ሰበብ» ማለት አያምርብንም።

ሠራተኛውንም አንተወውም። ዓርብ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚዘጋው ለጁሙዓ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ! የእኛ ኹጥባ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሆኖም በ5፡00 ወጥቶ በ9፡00 የሚመለስ፣ ጭራሽ የማይመለስም አለ። መንገዱ ወደ መስጂድ ይጀምርና በርጫ ላይ ያልቃል። ሱረቱል ጁሙዓ ግን ሰላቱ ካለቀ በኋላ ሪዝቅ ፍለጋ መበተንን ነው ያስተማረችን። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣው አርብቶ አደር የተቆለፈ በር ስር፣ በዚያ ሙቀት፣ ውኃውን ጨርሶ ተቀምጧል። እሱም ጁሙዓ ሰግዶ ነው የመጣው። ረመዳን ሲመጣማ «ጾመኛ ነኝ» የሥራ መልስ ሆኗል። ሰመራ ላይ መጾም ከባድ ነው፤ እናውቃለን። ግን ጠረጴዛው ማዶ ያለው ባለጉዳይም ጾመኛ ነው፤ ጨው የሚጭነው ወዛደርም ጾመኛ ነው።

ባለፈው ወር ሌላ አባት መጣ። «ኡስታዝ፣ አንድ ስልክ ብቻ። እሳቸው ቢደውሉ አይከለክሏቸውም» አለን። ሸይኻችን ከውስጥ ይሰሙ ነበር። ወጥተው ሰላም አሉትና «ልጅህ ምን ይችላል?» ብለው ጠየቁት። «ዲግሪ አለው» አለ። «ምን ይችላል?» አሉት ደግመው። ዝም አለ። ማስታወቂያው የተለጠፈበትን ቦታና የመመዝገቢያውን የመጨረሻ ቀን በወረቀት ጽፈን ሰጠነው፤ ልጁ ለፈተናው የሚያነበው መጽሐፍ እንደምንፈልግለትም ነገርነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። በቀጣዩ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ አየነው፤ ጫማውን ፈጥኖ አድርጎ በሌላው በር ወጣ። ልጁ ግን ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉን ሊጠይቀን መጣ።