ዳባት ላይ እንግሊዝ ስንሆን

ብሪታንያ አለቅም ያለችው አንድ ስደተኛ አለ። ልዑል ዓለማየሁ ይባላል። የአጤ ቴዎድሮስ ልጅ እያልን ስንጠራው እናቱን እንዘነጋለን። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ካሳ ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ደግሞ እዚሁ እኛ ሰሜን፣ ጃናሞራ ናት። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ የወሰዱት ሕፃን፣ እንግዲህ፣ በእናቱ በኩል የዚህ ደጋ የልጅ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙን መልሱልን ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. የሰጠው መልስ፣ አጠገቡ ያረፉትን ሳንነካ ልናወጣው አንችልም የሚል ነው።

የሞተውን አንለቅም ያሉት ሰዎች በሕይወት ያለውን አናስገባም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው ድምፅ ሲሰጡ የተነገራቸው ስደተኛው ይቀንሳል ተብሎ ነበር። በ2020 ወጡ። ከዚያስ? እስከ ሰኔ 2023 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ የገባው ሰው ከወጣው በ900 ሺህ በለጠ። ፖላንዳዊው ሲቀር ሕንዱና ናይጄሪያዊው መጣ። አዛውንቶቻቸውን የሚያጥብላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበራ! ፖለቲከኞቹ ግን ይህን ለመራጩ አፍረጥርጠው ከመናገር ይልቅ በጀልባ የመጣውን ወደ ሩዋንዳ እንጫነው አሉ። ያን ዕቅድ ካቀነቀኑት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮች የፕሪቲ ፓቴል ወላጆች ከኡጋንዳ፣ የሱዌላ ብራቨርማን አባት ከኬንያ የሄዱ ናቸው። በሩን አጥብቆ የሚቀረቅረው ብዙ ጊዜ ገና ትናንት የገባው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዞቹ በጋ ደግሞ የእኛው ጉድ መጣ። ኤፒንግ በምትባል ከተማ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚያርፉበት ሆቴል ይኖር የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጸመ። ተፈረደበት፤ ይበለው። በስሕተት ከእስር ተለቀቀ፣ እንደገና ተያዘ፣ ወደ አዲስ አበባ ተባረረ። በእሱ ጥፋት ግን ሆቴል ውስጥ ያለው ስደተኛ ሁሉ ደጅ ድረስ ተጮኸበት። እኛስ ምን አደረግን? በፌስቡክ ያየሁትን ልናገር። ያገሬ ልጆች ቀድመው የጠየቁት ስለ ተጎዳችው ልጅ አልነበረም፤ ብሔሩ ምንድን ነው ነው ያሉት። ትግሬ ነው፣ የለም አማራ ነው፣ ኦሮሞ ነው እየተባባሉ ወንጀሉን እንደ ትኩስ ድንች ሲወራወሩት ዋሉ። ኤፒንግ ላይ ባንዲራ ይዞ የወጣው እንግሊዛዊ ቢያንስ ሁላችንንም በአንድ ስም ሰድቦናል።

በርሚንግሃም የሚኖር የአክስቴ ልጅ በዚያ ሰሞን ደውሎ ምርር ብሎ አማረረ። «ሃያ ዓመት ግብር ከፍዬ ዛሬ አገርህ ግባ ይሉኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጠለና፣ «እናንተ ደግሞ ዳባት ላይ የሻዕቢያን ልጅ ሰብስባችሁ ትቀልባላችሁ አሉ» አለ። በአንድ ትንፋሽ! ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝ።

ወንድሜ፣ እነዚያ የሻዕቢያ ልጆች ያልካቸው ሻዕቢያን ሸሽተው የወጡ ኤርትራውያን ናቸው። ማለቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ነው ያባረራቸው። ትግራይ ውስጥ የነበሩት ሽመልባና ሕፃጽ ካምፖች በትግራዩ ጦርነት ወደሙ። ማይ ዓይኒና ዓዲ ሐሩሽ የነበሩት በሁለት ወገን ጥይት መካከል ከረሙ። ከዚያ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ አለምዋጭ በሚባለው ቦታ ድንኳን ተተከለላቸው። ሰላም ያገኙ መስሏቸው ነበር። በዚያው ግን ታገቱ፣ ተዘረፉ፣ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቁ፣ የተገደሉም አሉ። እገታው ያገሬውንም ሰው አልማረም፤ ልዩነቱ ያገሬው ሰው ሲታገት ዘመዱ ከብት ሸጦ፣ ዕድርተኛው አዋጥቶ ያስፈታዋል። ኤርትራዊው የሚሸጠው ከብት የለውም።

የዳባትንና የደባርቅን ሕዝብ ክፉ ነው አልልም፤ የሚል ካለ እኔ ነኝ የምጣላው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጭና ላይ ንጹሐን በሕወሓት ታጣቂዎች ሲጨፈጨፉ ሬሳ የሰበሰበው፣ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለውን ከሌለው ላይ ቆርሶ ያበላው ይኸው ሕዝብ ነው። ለዚህም ነው የሚያበሳጨኝ። ቤቱን ጥሎ መሸሽ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው «መጤ» የሚለውን ቃል ከየት አመጣው?

አውቃለሁ፣ መልሱ ተዘጋጅቷል፤ ለራሳችን ሳንበቃ ነው የሚባለው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራንና በየዳን ሲመታ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ተራበ። ታዲያ እህሉን ማን ወሰደው? የእርዳታ እህል በሰፊው እየተዘረፈ ነው ተብሎ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስርጭቱን በመላ አገሪቱ ሲያቆሙ፣ የጃናሞራው ገበሬና የአለምዋጩ ስደተኛ ራሽን አብሮ ነው የቆመው። ሌባው ድንኳን ውስጥ አልነበረም። መጋዘን ቁልፍ በእጁ ያለ፣ ማኅተም ያለው፣ መኪና የሚያዝ ነው። እንግሊዝም እንዲሁ ናት። የሐኪም ወረፋው የረዘመበት፣ የቤት ኪራዩ ያነቀው ሠራተኛ ለዓመታት በጀት የቆረጡበትን ትቶ በላስቲክ ጀልባ ወደመጣው ልጅ ዞረ። የሚኒስትር በር ከማንኳኳት የሆቴል መስኮት መስበር ይቀላልና።

ደግሞ የማንነት ነገር ሲነሣ የሰሜን ሰው ደረቱን ነፍቶ «እኛ ነባሩ» ይላል። የትኛው ነባር? ውቤ ትግራይንም ገዝተዋል፤ ሠራዊታቸው አማርኛም ትግርኛም ይናገር ነበር። ሰሜን የቤተ እስራኤልም አገር ነበር፤ ማረሻና ምንቸት ከእጃቸው ስንገዛ ኖረን ርስት ነፈግናቸው፣ በቡዳነት አማናቸው፣ በመጨረሻም ተነሥተው ሄዱ። በሊማሊሞ የሚጠመዘዘውን መንገድ ጣሊያን ሲሠራው ጎንደርን ከአስመራ ሊያገናኝ ነው። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪዘጋው ድረስ ዘመድ ያለው ዘመዱን፣ ነጋዴውም ገበያውን የፈለገው በዚያው ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ ሸሽቶ የመጣውን ልጅ በባዕድ ዓይን እናየዋለን።

ሕጉስ አለ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እንዲሠሩ፣ እንዲማሩ ይፈቅዳል። በወረቀት ከብሪታንያ እንበልጣለን፤ እዚያ ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳዩ እስኪታይ በአብዛኛው ሥራ አይፈቀድለትም። ታዲያ ዳባት ገበያ ላይ ጀበና የጣደችው ኤርትራዊት ስትዘረፍ ማን ዘንድ ትክሰስ? ፖሊሱ ከዋናው መንገድ አይወጣም፤ ታጣቂው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ያገሬው ልጅ ሲታገት ሽማግሌዎቻችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ጫካ ድረስ ሄደው ይለምናሉ። ለእሷ ልጅ አንድ ቀን ይሂዱ። የበርሚንግሃሙ የአክስቴ ልጅም የሽማግሌዎቹን የትራንስፖርት ይላክ።