አምፖሉ ስንት ነው? ስንትስ ይበላል?

«ሕዝቡ ስላልነቃ ነው ቆጣቢ አምፖል የማይገዛው» የሚሉ አሉ። እኛ የማኅበሩ አባላት ይህን አባባል አጥብቀን እንቃወማለን። ሕዝቡ ምን አጠፋ? ሱቅ ሲሄድ የሚነገረው የአምፖሉ መሸጫ ዋጋ ብቻ ነው፤ የሚበላውን መብራት ማን ነገረው?

በሉ እንቁጠር። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 1.35 ብቻ! ቆጣሪው እንደሆነ አይረሳም።

በካሊፎርኒያ ሳን ማርኮስ ከተማ የተደረገና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የጎረቤቶቻቸው አማካይ ፍጆታ በየበራቸው ሲነገራቸው አባካኞቹ ቀነሱ። ቆጣቢዎቹ ደግሞ «ለካ እኛ ነን የተጎዳነው» ያሉ ይመስል ጨመሩ፤ ወረቀታቸው ላይ የፈገግታ ምልክት ሲታከልበት ነው ባሉበት የረጉት። ስድብም ስብከትም አላስፈለገም።

ስለዚህ የአባካኞች የቤት ቁጥር በዚህ ሰሌዳ ይለጠፍ የሚሉትን አንደግፍም። ጎረቤት ማሳፈር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም! የሰፈራችን ባለሱቆች ግን ከዋጋው ጎን የወር ፍጆታውን ይጻፉልን። አንድ እርሳስና ካርቶን ይበቃል፤ ሒሳቡን እኛ ሠርተን እንሰጣለን።