ወንዙ ሲሞላ መረቡ የት ይዋል?

ሐምሌ ሲጋመስ ጉማራ ውሃ አይመስልም። ከጉና ተራራ ጀምሮ የየማሳውን አፈር እየጠረገ፣ የበቆሎ አገዳውንና የተገነደሰውን ቅርንጫፍ እያንከባለለ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ ድልድዩ ላይ ሲደርስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዘንድሮስ ሞልቷል!» ይልና ያልፋል። ወንዙ ዳር የቆመው ዓሣ አስጋሪ ግን አንድ ጫፉን ከካስማ ጋር ያሰረውን መረብ እየሳበ ነው። መጀመሪያ ሣር ይወጣል። ቀጥሎም ሣር። ከዚያ እሾሃም ቅርንጫፍ፣ መረቡን ሁለት ቦታ ላይ ዘንጥሎት። መጨረሻ ላይ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ይመጣል፤ ሆዱ ተወጥሯል። ሆዱን ጫን ሲያደርጉት ከጤፍ የሚተልቁ፣ ከማሽላ የሚያንሱ ቢጫ ዕንቁላሎች መዳፍ ላይ ይፈስሳሉ።

እነዚያ ዕንቁላሎች ሊፈስሱ የሚገባቸው ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጠጠር ላይ ነበር።

ጣና ሐይቅ በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ የዓሣ ቤተሰብ አለው። ባለሙያዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት ይህ ወገን በሐይቁ ውስጥ 17 ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ ስለማያሳልፍ፣ የሐይቁ ዓሦች ለብቻቸው ተዋልደው ለብቻቸው ተለያዩ። አንዱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ሆነ፣ ሌላው ጭቃ ፈልፍሎ የሚበላ፣ ሌላው ቅጠላ ቅጠል የሚለቅም። ከነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወንዝ ይሻሉ። ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በግልገል ዓባይ መግቢያ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ሽቅብ ይጓዛሉ። ጉዟቸው ውሃው ጠርቶ ወደሚፈስባቸው፣ ታቻቸው ጠጠር ወደሆነ ገባሮች ነው፤ ዕንቁላሉ በጠጠሩ መሐል አየር ያገኛል። ደለል ከተጫነው ግን ታፍኖ ይቀራል። የመራባቱ ዋና ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው።

እንግዲህ ወንዙ ለሰው አደገኛ የሚሆንበት ሰሞንና ዓሣው በገዛ እግሩ ወደ ሰው የሚመጣበት ሰሞን አንድ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አስጋሪው በክረምት የሚደርስበትን መከራ ከተማ ያለ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ዳር አውጥተው ካላደረቁት ይበሰብሳል፣ በክረምት ደግሞ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ማዕበሉ በተነሣ ቀን ወደ ሐይቁ መግባት ነፍስን አሲዞ መቆመር ነው። ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸውን ከውሃው ጋር ያደረጉት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የፎገራና የደምቢያ ገበሬም ቢሆን ርብና ጉማራ ጥሰው ሲወጡ ማሳውና ግቢው ይዋጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሎ እንደነበር ይታወሳል። ሩዙ ውሃ ውስጥ የቆመበት፣ ጎተራው የተሟጠጠበት ሰው ወደ ወንዙ መረብ ይዞ ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? በዚያ ላይ ፍልሰታ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በጾም ሰሞን ገበያው ዓሣ ይፈልጋል፤ የነሐሴው ጾም የሚውለው ደግሞ ልክ ዓሣው ዕንቁላሉን ተሸክሞ በሚጓዝበት ወቅት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ዓሣው እየመነመነ መሄዱን ራሱ አስጋሪው ይናገራል፤ ጥናቱም ያንኑ ይላል። በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚካሄደው ማስገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 የተያዘውን ዓሣ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የላቢዮባርበስ መጠን ወደ 75 በመቶ ገደማ መቀነሱን፣ የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም በባሰ ማሽቆልቆሉን አግኝተዋል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው በወንዝ መግቢያዎች ላይ በመራቢያ ሰሞን የሚዘረጋው መረብ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳቸው የጠበበ ቀጫጭን የፕላስቲክ መረቦች በርክተዋል። አንዳንዱም ወንዙ ውስጥ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይበትናል፤ መርዙ ትልቁን ከትንሹ፣ እናትን ከጫጩቷ አይለይም። ይህን የሚያደርግ ሰው በችግር ሊመካኝ አይገባም፣ ምክንያቱም የጎረቤቱን የመጪ ዓመት እንጀራ ጭምር ነው የሚገድለው።

ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው የሕጉ አንቀጽ ሳይሆን በሁለቱ የመራቢያ ወራት የአስጋሪው ቤት ምን እንደሚበላ የሚመልስ ሰው ነው። «አታስግር» የሚል ወረቀት ለተራበ ቤት ምንም አይፈይድም። ተቆጣጣሪው አንድ ቀን መጥቶ መረብ ወርሶ ይሄዳል፤ ማታ ሌላ መረብ ይዘረጋል፣ በዋጋ የረከሰው፣ ቀዳዳው የጠበበው። ጥበቃው ዓሣውን ሳያድን አስጋሪውን ብቻ ያደኸየዋል።

ባንግላዴሽ ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ሞክራዋለች። እዚያም ሂልሳ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ ለመራባት በትልልቆቹ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያም ጎርፍና ድህነት አሉ። መንግሥት በጥቅምት አካባቢ ለ22 ቀናት ማስገርን ይከለክላል፤ በዚያው ጊዜ ለአስጋሪ ቤተሰቦች ሩዝ ይሰፍራል። ሩዙ ያንሳል፣ ለሁሉም አይደርስም የሚል ቅሬታ ሁሌም ይሰማል። ቢሆንም በዓመት ወደ 200 ሺህ ቶን ወርዶ የነበረው የሂልሳ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ ከ500 ሺህ ቶን በላይ ደርሷል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በመራቢያ ወቅት ለሚያርፉ አነስተኛ አስጋሪዎች ወርኃዊ ድጎማ ትከፍላለች። እንግሊዝ ውስጥ ለመዝናናት መንጠቆ የሚጥለው ሰው እንኳ በፀደይ ለሦስት ወር ያህል ከወንዝ እንዲርቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1878 በወጣ ሕግ ነው፤ እሱ ግን ቤቱ ሲገባ እራቱ ይጠብቀዋል።

ለጣና የሚበጀው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ የአምስቱን ወንዞች መግቢያ ከመረብ ነጻ ማድረግና ለእነዚያ ሁለት ወራት አስጋሪውን በደመወዝ መያዝ ነው። ሐይቁ በሙሉ አይዘጋ፤ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉትን ሌሎች ዓሦች የሚያሰግር ከመግቢያዎቹ ርቆ ይሥራ። ሥራ ደግሞ ሞልቷል። እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም መንቀል፣ የወንዝ ዳር ዛፍ መትከል፣ ሌሊት መግቢያዎቹን መጠበቅ። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሰው በሥራው እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኝ የሚያደርግ አሠራር ከዘረጋ ዓመታት አልፈውታል፤ አስጋሪው በዚያ መዝገብ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት የለም። ከጠባቂዎቹም የተሻለ የሚሆነው ወንዙን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዓሣው በየትኛው ሌሊት እንደሚወጣ ከውሃው ቀለም የሚለይ እሱ ነው።

መረብ ብቻውን ተወቃሽ እንዳይሆን ሌላውንም መጥቀስ ያስፈልጋል። በርብ ላይ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመስኖ ግድብ ቆሟል። መስኖ ለገበሬው እንደሚያስፈልግ አያከራክርም፤ ሽቅብ የሚጓዝ ዓሣ ግን ያንን ዘሎ አያልፍም። ከወንዞቹ ወለል አሸዋና ጠጠር የሚጭኑ መኪኖችም ዕንቁላሉ የሚያርፍበትን አልጋ ራሱን ነው ጭነው የሚሄዱት። አስጋሪው መረቡን እንዲያነሣ ሲጠየቅ ባለ መኪናውም አካፋውን ሊያስቀምጥ ይገባል፤ አለበለዚያ ፍትሕ የለም፣ አስጋሪውም አይሰማም።

ይህ ሁሉ መወሰን ያለበት በግንቦት ነው፣ ከዝናቡ በፊት፣ የየወንዙ አስጋሪዎች ራሳቸው በተቀመጡበት ስብሰባ። የሚታጠረው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ብርብራ የበተነ ምን እንደሚጠብቀው እዚያው ይቆረጥ። ሐምሌ ላይ ጉማራ ሲደፈርስ ያ ሰው ካስማውን ሳይተክል፣ የነሐሴ ቀለቡን ቤቱ አስቀምጦ፣ ዓሦቹ በጨለማ ሽቅብ ሲያልፉ ዳር ሆኖ ሊቆጥራቸው ይችላል።