ሃይዲ ልጅ ናት

ሥዕል ሁሉ ገላ ስለታየበት ነውር አይሆንም። ዙሪክ ኩንስትሃውስ ሙዚየም የገባ ሰው የከተማዋን ልጅ የሄንሪ ፉስሊን ሥራዎች ያገኛል። ፉስሊ እ.ኤ.አ. በ1741 ተወልዶ፣ በ1761 ለፓስተርነት ተሹሞ፣ በኋላ ግን ለንደን ላይ የሼክስፒርንና የሚልተንን ገጸ ባሕርያት ሲስል የኖረ ሠዓሊ ነው። የሚወደውን የሌላ ሰው ድርሰት በራሱ ዓይን እንደገና አየው፤ ዛሬ ፋን አርት የምንለውም ይኸንኑ ነው። ከሳላቸው መካከል እርቃናቸውን የቆሙ፣ ስሜት የሚቀሰቅሱም አሉ። ያንን እያደነቀ፣ አንዲት ወጣት ሠዓሊ የአኒሜ ጀግናዋን ደረቱ ተገልጦ ስለሳለችው ብቻ ከፋን አርት ቡድኗ ትባረር ከሚል ሰው ጋር አልስማማም።

በገላ ልክ መስመር ማበጀት ምን እንደሚያመጣ ተምብለር የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ አሳይቶናል። በዲሴምበር 2018 የአዋቂዎችን ወሲባዊ ይዘት ሲያግድ ምርመራውን በአብዛኛው ለአውቶማቲክ ማጣሪያ ተወው። ማጣሪያው ምንም የሌለባቸውን ሥዕሎች ጭምር እየለቀመ አስቀረ፤ ብዙ ሠዓሊዎችም ጥለውት ሄዱ።

እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ዕድሜን ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የዙሪኳ ደራሲ ዮሃና ሽፒሪ በ1880 ያሳተመችውን መጽሐፍ እናስብ። ሃይዲ አያቷ ዘንድ ወደ ተራራው ስትወጣ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። በ1974 ዳይሬክተሩ ኢሳኦ ታካሃታ በጃፓን በአኒሜ ሠራት፤ በብዙ አገር ያሉ ሕፃናትም ከእሷ ጋር አደጉ። ይህችን ልጅ ወሲባዊ አድርጎ መሳል አድናቆት አይደለም። «አሳድጌ ነው የሳልኳት» የሚለውንም ምክንያት አልቀበልም፤ ፊቷም ቁመቷም የሕፃን ሆኖ ከሥሩ «ዕድሜዋ ሃያ ነው» ተብሎ ቢጻፍ ምን ይለወጣል? «ሦስት መቶ ዓመት የኖረች መንፈስ ናት» የሚለውም ያው ነው። አዋቂ መሳል የሚፈልግ ሰው የራሱን አዋቂ ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር ወረቀቱ በእጁ ነው።

«ያልተወለደ ልጅ አይጎዳም፤ ሥዕል ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩን አቃልዬ አላየውም፤ ግን የተወለዱትን ይረሳል። ልጆችን የሚያጠምድ ሰው እንዲህ ያለውን ካርቱን «ሁሉም ያደርገዋል» ብሎ ለማለማመጃ ሊያሳያቸው ይችላል። ጄኔቭ ላይ የሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በእውን የሌሉ ሕፃናትን የሚያሳዩ ወሲባዊ ሥዕሎችም በሕግ ክልከላው እንዲካተቱ አገሮችን ያበረታታው፣ በተለይም ልጆችን ለመበዝበዝ ሲውሉ ብሎ ያሳሰበውም በዚሁ ስጋት ነው። የስዊዘርላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 197 ደግሞ እውነተኛ ልጅ የተበደለበትን ምስል በማሰራጨት እስከ አምስት ዓመት፣ በፈጠራ የተሠራውን በማሰራጨት እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደነግጋል። ልዩነቱን ያውቃል፤ ሁለተኛውን ግን አይተወውም። ጥበቃ የሚገባው የባህል ወይም የሳይንስ ዋጋ ያለውን ሥራ ደግሞ ከብልግና አይቆጥረውም። ይህ ሚዛን ልክ ይመስለኛል። የአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ለአካለ መጠን ያልደረሰ የሚመስልን ሰው በወሲባዊ ድርጊት የሚያሳይ ምስልን ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ጄኔቭ ተቀምጦ የቴሌግራም ግሩፕ የሚመራ አድሚን «ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

በሕይወት ያሉ ሰዎችም አሉ። ዘፋኝ ወይም ተዋናይት ስለሆነች ገላዋ የአድናቂ ንብረት አይሆንም፤ ሳትፈቅድ በወሲባዊ ሁኔታ ተስላ ብታይ የምታፍረውና የምትደነግጠው እሷው ናት። እንዲህ ያለው ሥዕልም ከግሩፑ ይውረድ።

የቀረው፣ ማለትም በምናብ የተፈጠሩ አዋቂዎች፣ ለየት ያለ ክፍል ይሰጣቸው። ዲስኮርድ ላይ አድሚን አንድን ቻናል ለአዋቂዎች ብቻ ብሎ መለየት ይችላል፤ ቴሌግራም ላይም ሌላ ግሩፕ መክፈት ከባድ አይደለም። ሥዕሉ ግን ድንገት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስልክ ላይ አይምጣ።

አጠራጣሪው ሥዕል ይቀራል፤ አዋቂ ትሁን ልጅ የማትለይ ገጸ ባሕርይ። አድሚኖች በዚህ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ሥዕሉ ተለጥፎ ይቆያል። እኔ የምለው መጀመሪያ ይውረድ ነው፤ አዋቂ መሆኗን በሥዕሉ ማሳየት የሠዓሊው ፈንታ ይሁን።