ፋይል ፈላጊው ፊደል እንጂ ድምፅ አያውቅም

ከሬድውድ ሲቲ በካልትሬን ወደ ደቡብ ስትወርዱ ብዙም ሳትርቁ ማውንቴን ቪው ትደርሳላችሁ። ጉግል በኮምፒውተራችን ውስጥ ያለውን ፋይል የሚፈልገውን «ጉግል ዴስክቶፕ» እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውና በ2011 የዘጋው እዚያ ነው። በ1999 ለፊደላችን መለያ ቁጥር የሰጠው ዩኒኮድም ለረጅም ጊዜ መቀመጫው በዚያችው ከተማ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ የአማርኛ ፋይልን ፈልጎ ማግኘት ዛሬም ፈተና ነው።

መሣሪያዎቹ ደካማ ሆነው አይደለም። የዊንዶውሱ «ኤቭሪቲንግ» የፋይል ስሞችን በቀጥታ ከዲስኩ መዝገብ ስለሚያነብ፣ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ውጤቱን ይደረድራል። የዊንዶውስ የራሱ ፈላጊና የማክ «ስፖትላይት» ደግሞ የሰነዱን ውስጥ ጭምር አስቀድመው አንብበው ማውጫ ያዘጋጃሉ።

ችግሩ ሁሉም የሚያወዳድሩት የፊደሉን ቁጥር መሆኑ ነው። ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት። ጸ እና ፀ ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ጋር ሲጣመሩ ይህች አጭር ቃል በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። በአንዱ ስትፈልጉ 11ዱ ያመልጧችኋል። «የፀሐይ» እና «በፀሐይ» ደግሞ ከቃል መጀመሪያ ብቻ ለሚፈልግ መሣሪያ አይታዩትም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የዕድር ቃለ ጉባኤዎችና የማኅበር ደብዳቤዎች ከስር የላቲን ኮድ ስለሆኑ፣ በአማርኛ ቢፈለጉ ጨርሶ አይገኙም።

አንዳንዶች «ሞክሼ ፊደላትን እንቀንስ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። «ሠረቀ» ስለ ፀሐይ መውጣት፣ «ሰረቀ» ስለ ሌባ ነው፤ ግዕዝም ልዩነቱን ይፈልገዋል። ፊደሉን ከመቀነስ ፈላጊውን ማስተማር ይሻላል። ማውጫው ሲዘጋጅ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ይምጡ፣ ዋናው ሰነድ አይነካ፣ በትክክል የገጠመው ውጤት ከላይ ይቅደም።

እስከዚያው ሬጉላር ኤክስፕረሽን በሚቀበል መሣሪያ [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብላችሁ ሞክሩ፤ 12ቱንም ያመጣላችኋል። ይህን በራሱ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ለጀማሪም የሚከብድ አይደለም። ከጉግልም ሆነ ከማይክሮሶፍት ከምንጠብቅ፣ የወላጆቻችን ሰነዶች ከነኮምፒውተሮቻቸው ሳይጣሉ እኛው ብንጀምረውስ?