ወሲያህን ማን ይጻፍልህ?

 

ባለፈው ወር ከዙህር ሰላት ስንወጣ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በመስጊዱ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። ሰፈሩ ሁሉ "ሐጂ" እያለ ይጠራቸዋል። "ልጄ፣ አንተ መምህር ነህ። መድረሳም ተምረሃል፣ የመንግሥት ትምህርትም ተምረሃል። ወሲያዬን ጻፍልኝ። ለጠበቃ ገንዘብ ከምከፍል አንተ ብትጽፍልኝ ይሻለኛል" አሉኝ። ሐጂን እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም "እሺ" ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጎቴ ወደ አኺራ ሄዱ። ጁገል ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት ቤት ነበራቸው። የበኩር ልጃቸው በሕይወት ሳሉ ሞቶባቸው ሁለት የቲሞችን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሸሪዓ የውርስ ሕግ አጎት ባለበት የሟች ወንድሙ ልጆች ከአያታቸው ሚራስ አይደርሳቸውም። አጎቴ ይህን ስለሚያውቁ "ከንብረቴ ሲሶው ለልጅ ልጆቼ ይሁን" የሚል ወረቀት በኮምፒውተር አስጻፉ። ሁለት ወዳጆቻቸውን አስፈርመው ወረቀቱን በቁርኣናቸው መካከል አኖሩት።

እሳቸው ሲሞቱ አንደኛው ምስክር ቀድሞ ሞቶ ነበር። ሁለተኛው "ፊርማው የኔ ነው፤ የተጻፈውን ግን አላነበቡልኝም" አለ። በሕይወት ያለው ልጃቸው ወረቀቱን ተጠራጠረ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አባቱ ይህን ሲናገሩ በጆሮው አልሰማም። በኢድ ቀን በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ሰላምታ ተቋረጡ። በሁለተኛው ዓመት የአፎቻ ሽማግሌዎችና አንድ ሸኽ ገብተው ልጁ የአባቱን ቃል ተቀበለ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ትልቁ የቲም ግን በመካከሉ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ወሲያ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ተጽፎ እርሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። ወሲያው ግን ወሰን አለው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ንብረታቸውን ለመለገስ ሲጠይቁ የተፈቀደላቸው ሲሶው ነበር፤ ሲሶም ብዙ መሆኑ ተነግሯቸዋል። በሱረቱ ኒሳእ ድርሻው ለተወሰነለት ወራሽም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ተጨማሪ ወሲያ አይደረግለትም። በቅድሚያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ወሲያ፣ በመጨረሻም ሚራስ ነው።

የሲሶውን ጥቅም በቁጥር እንየው። ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ 1,200,000 ብር ቀረ እንበል። ሚስት ቀድማ ሞታለች፤ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና የሟች ልጅ ሁለት የቲሞች አሉ። ወሲያ ከሌለ በሸሪዓው ወንዱ 800,000፣ ሴቷ 400,000 ብር ይወርሳሉ፤ ለየቲሞቹ ምንም አይደርሳቸውም። የሲሶ ወሲያ ካለ ግን የቲሞቹ 400,000 ብር ወስደው የቀረው 800,000 ለሁለቱ ልጆች ይከፈላል። ግብፅ ለእንዲህ ያሉ የልጅ ልጆች ብላ በ1946 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የግዴታ ወሲያ ሕግ አውጥታለች። እኛ ዘንድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታይ ውርስ ሲሆን የአያትየው ወሲያ ነው የሚደርስላቸው። የቲሞቹ ዕጣ በአንዲት ወረቀት ላይ የሚንጠለጠለው ስለዚህ ነው።

ወረቀቷ ደግሞ በሁለት በሮች ማለፍ አለባት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ከወራሾቹ አንዱ "አልፈቅድም" ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀን የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የሟች ልጅ ልጆች በአባታቸው ምትክ ይወርሳሉ፤ ወንድና ሴት ልጆችም እኩል ይካፈላሉ። ሰውዬው ሲሞት ወራሾቹ የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ወሲያው ሸሪዓውን የጠበቀ፣ በአጻጻፉም የአገሩን ሕግ ያሟላ መሆን አለበት።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በተናዛዡ እጅ የሚጻፈው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀንና ፊርማ ማኖር አለበት። በ7 ዓመት ውስጥ ለውልና ማስረጃ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይወድቃል። ሁለተኛው በግልጽ የሚደረገው ነው። ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ ነገር ግን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሦስተኛው በቃል ለ2 ምስክሮች የሚነገረው ነው። በእርሱ የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አይበልጥም፤ ተናዛዡ ከዳነም በ3 ወር ይወድቃል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚያደርጉት ኑዛዜም ዋጋ የለውም።

አሁን የአጎቴን ወረቀት መዝኑት። በእጃቸው አልተጻፈም፤ በ4 ምስክሮች ፊትም አልተነበበም። ከሁለቱም መካከል ወደቀ። ሐጂም ቢሆኑ እኔ ስጽፍላቸው "የራሳቸው እጅ ጽሑፍ" መሆኑ ቀርቶ አራት ምስክር የሚፈልግ ሰነድ ይሆናል። በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ወንድሞችም ቢጽፉት ያው ነው።

ታዲያ ጠበቃ የግድ ነው ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። ዕዳውን፣ በእጁ ያለውን አማና፣ ያልከፈለውን ዘካ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሁሉ ዛሬ ማታ በራሱ እጅ ይጻፍ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ንብረቱ ጥቂት፣ ወራሾቹ የታወቁና የተስማሙ ከሆኑም በሸኽ አይቶ በእጁ ቢጽፍና በጊዜው ቢያስመዘግብ ሊበቃው ይችላል። ነገር ግን ቤት ካለ፣ ሁለት ሚስቶች ካሉ፣ የቲም ወይም ሕፃን ካለ፣ ውጭ አገር የሚኖር ወራሽ ካለ፣ ወይም ከሰው ጋር የተያዘ ንግድ ካለ የጠበቃ ዋጋ ከክርክር ዋጋ ያንሳል። በተለይ የጁገል ቤት እንደ ዳቦ አይቆረስም። ጁገል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው፤ እንደልብ አፍርሰን የምንከፋፍለው አይደለም። "ነደባው ለእገሌ፣ ጓዳው ለእገሊት" ብሎ ከመጻፍ ቤቱ ተገምቶ ድርሻው እንዴት እንደሚከፈል መጻፍ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፈራኢድ የማያውቅ ጠበቃ አጻጻፉን አሳምሮ ወሲያውን ከሲሶ ሊያሳልፈው ይችላል። ሕጉን የማያውቅ ሸኽም ሲሶውን ጠብቆ የምስክሩን ቁጥር ሊያጎድል ይችላል። ሁለቱንም ጠይቁ።

ለሐጂ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና "እንግዲያው ጠበቃ ዘንድ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አሉኝ። እኔም "እሄዳለሁ፤ ዕዳዎን ግን ዛሬ በእጅዎ ይጻፉ" አልኳቸው። በማግስቱ ከፈጅር በኋላ አንዲት ወረቀት አሳዩኝ። ፈረስ መጋላ ላይ ይነግድ ከነበረ አንድ ሟች ወዳጃቸው የተበደሩት ገንዘብ ነበር። ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። "ሌሊቱን ስጽፈው እንቅልፍ ወሰደኝ" አሉኝ። የወዳጃቸውን ልጆች እያፈላለጉ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ያለብንን ሐቅ አድርሰን፣ ዝምድናችንን ሳንቆርጥ የምንሄድ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።